«ልጅሽ ይጦርሽ ነበር?» የሟች ወታደር እናት የጡረታ ጥያቄ

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ፣ ሦስት ቦታ የታጠፈ፣ የወየበ ወረቀት።]

ጡረታ ሲባል ቶሎ ፊታችን የሚመጣው 60 ዓመት የሞላው ሠራተኛ ነው፤ ደብተሩን ይዞ ባንክ ደጃፍ ላይ የተሰለፈ። ቃሉን ግን ቢሮው የተዋሰው ከቤት ነው። መጦር ማለት ልጅ ወላጁን በእርጅናው ማብላት፣ ማልበስ፣ ማስታመም ነው። አሮጊቶች «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ» ብለው ሲመርቁ የሚሉት ይህንኑ ነው።

እና ጧሪው ዘምቶ እዚያው ቢቀርስ? እናት ወደ ማን ትሂድ?

ይህን ጥያቄ ይዘን ዛሬ ሩቅ አገር እንሄዳለን። ወደ አሜሪካ፣ ከ1861 እስከ 1865 ወደተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ለምን እዚያ ካላችሁኝ፣ እዚያ አንድ መንግሥት የሞቱ ወታደሮቹን እናቶች «ልጅሽ ይጦርሽ ነበር? አስረጂ» ብሏል። እናቶቹም አስረድተዋል። ያመጡት ማስረጃ ደግሞ እስከ ዛሬ አልተጣለም።

[ምስል፦ የወታደር ሰልፍ፣ የዘመኑ ፎቶግራፍ።]

ጦርነቱ ከተጀመረ አንድ ዓመት ከምናምን ሆኖታል። የአሜሪካ ምክር ቤት ጁላይ 14 ቀን 1862 አዲስ የጡረታ ሕግ አወጣ። ለሟች ሚስትና ልጆች መክፈል ድሮም የነበረ ነው። አዲሱ ነገር እናት መግባቷ ነው። ለተራ ወታደር እናት በወር 8 ዶላር። ከሌተና ኮሎኔል ጀምሮ ወደ ላይ ከሆነ 30 ዶላር።

ሕጉ ወረፋ አለው። መጀመሪያ ሚስት። ሚስት ከሌለች ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች። እነሱም ከሌሉ እናት። እናት ከሌለች ደግሞ ወላጅ አልባ ትናንሽ እህቶች። አባት የት ሄደ? አባት በዚህ ዝርዝር የለም። እስከ 1866 ድረስ ጠብቆ ነው የገባው። የጊዜው አስተሳሰብ ግልጽ ነው፦ ወንድ ከሆንክ ሠርተህ ብላ።

ፕሬዚዳንት ሊንከን ማርች 4 ቀን 1865 ለሁለተኛ ጊዜ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ባደረጉት ዝነኛ ንግግር፣ ለተዋጋው ሰው፣ ለሚስቱና ለሙት ልጁ እንንከባከብ ብለዋል። ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ንግግር ነው። እናት ግን አልተጠራችም። የፈረሙት ሕግ ጠርቷት ነበር።

በነገራችን ላይ የእኛም አገር የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ፣ የመከላከያና የፖሊስ አባላትንም የሚያቅፈው፣ ወላጅን ከተተኪዎች ይቆጥራል። እዚያም የሚጠየቀው ያው ነው፦ ሟቹ ይረዳቸው ነበር ወይ?

[ምስል፦ የገጠር ቤት፤ በር ላይ የቆመች ሴት ጥላ።]

አንዲት እናት እንውሰድ። ስም አላወጣላትም፤ ብዙ ናት። ልጇ በ19 ዓመቱ ዘምቷል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው።

መጀመሪያ መሞቱን ማረጋገጥ አለባት። ይህ ቀላል ይመስላል። የጦር ሚኒስቴሩ መዝገብ አለው፤ የጡረታ ቢሮው ይጽፋል፣ ሚኒስቴሩ ይመልሳል። ግን መዝገቡ «ጠፋ» ብቻ ካለስ? መርዶ ያልመጣለት ሰው ሞቷል አይባል፣ አለ አይባል። ለቅሶም አይቀመጡለት፣ ጡረታም አይጠይቁበት። ክላራ ባርተን የምትባል ነርስ ለዚህ ስትል ዋሽንግተን ውስጥ የጠፉ ወታደሮች ማፈላለጊያ ቢሮ ከፈተች። ከ63,000 በላይ ደብዳቤ መለሰች፤ የ22,000 ያህል ወታደሮችን መጨረሻም አወቀች።

በደቡቧ ጆርጂያ ክፍለ ሀገር አንደርሰንቪል የሚባል፣ ተገንጣዮቹ ደቡቦች የመንግሥትን ወታደሮች የሚያስሩበት የምርኮኛ ካምፕ ነበር። 45,000 ያህል ሰው ገብቶበት 13,000 ያህሉ ሞቷል። ዶረንስ አትዋተር የተባለ ወጣት ምርኮኛ የሟቾችን መዝገብ እንዲጽፍ ተመደበ። እሱም በድብቅ አንድ ቅጂ ለራሱ ጻፈና ሲወጣ ይዞት ወጣ። ያ ዝርዝር በ1866 ታተመ። ስንቷ እናት መርዶዋን ከዚያ እንዳነበበች አስቡት።

ቀጥሎ የሞተበት ምክንያት አለ። ጥይት ከሆነ ክርክር የለም። በዚያ ጦርነት ግን ከጥይት ይልቅ የበዛውን ሰው የጨረሰው በሽታ ነው፤ ተቅማጥ፣ ታይፎይድ፣ ኩፍኝ። ስለዚህ «በሽታው ከመዝመቱ በፊት አልነበረበትም፣ አገልግሎት ላይ ሳለ ነው የያዘው» የሚል ምስክር ያስፈልጋል። አዛዡ ቢጽፍላት ጥሩ። አዛዡም ሞቶ ከሆነ አብሮት ድንኳን የተጋራውን ልጅ ፈልጋ ማግኘት አለባት።

ከዚያ እናቱ መሆኗ። የልደት ካርድ የሚባል ነገር በአብዛኛው አካባቢ አልነበረም። የነበረው የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ልደትና ጋብቻ የሚጻፈው እሱ ላይ ነው። እኛም ዘንድ በዳዊቱ ባዶ ገጽ ላይ የልጆቹን ልደት የሚጽፍ አባት ነበረ፤ ያው ነው። እናቶቹ ያንን ገጽ ቀድደው ላኩት። ከመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ገጽ መቅደድ ለእነዚያ ሰዎች ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

[ምስል፦ የእጅ ጽሑፍ ደብዳቤ፣ በቅርበት።]

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። ይጦርሽ ነበር?

እናት መሆን ብቻውን አይበቃም። መንግሥት የሚከፍለው ለሐዘኗ አይደለም፤ ላጣችው እጅ ነው። በሙሉም ሆነ በከፊል በእሱ ትረዳ እንደነበር ማሳየት አለባት። እንዴት ነው የሚታየው?

ባለሱቁ ይመጣል። «የዱቄቱንና የስኳሩን ዱቤ የሚከፍለው እሱ ነበር» ብሎ ይምላል። የቤቱ ባለቤት ይመጣል፤ ኪራዩን ከማን ይቀበል እንደነበር ይናገራል። ልጁን ቀጥሮ ያሠራው ሰው ደግሞ ደሞዙን ለእናቲቱ ይሰጥ እንደነበር ይመሰክራል። ገንዘብ ያልላከ፣ ግን ማሳ ያረሰላት፣ እንጨት የፈለጠላት ልጅም አለ። ጎረቤት እሱንም ይመሰክርለታል።

ባል ካላት ነገሩ ይከብዳል። «ባልሽ እያለ ልጅሽ ለምን?» ይባላል። ባሏ በሽተኛ ከሆነ የሐኪም ወረቀት። ጥሏት ከሄደ ምስክር። ሰካራም ከሆነም ምስክር። ጎረቤት ዳኛ ፊት ቆሞ የባሏን ስካር ያስጽፋል። ስንት ዓመት የሸፈነችው ገበና በ8 ዶላር አደባባይ ይወጣል። እኔ ከዚህ ሁሉ ወረቀት የሚከብደኝ ይህኛው ነው።

ንብረትም ይታያል። ቤት አላት? ላም አላት? የግብር ሰብሳቢው ይጻፍ። ጥርጣሬ ካለ ከቢሮው መርማሪ ይላካል። እየዞረ ጎረቤቱን ይጠይቃል። በእርግጥ ያጭበረበሩም ነበሩ፤ ቢሮው ያለ ምክንያት አልተጠራጠረም። ግን ሠርታ ያደረች፣ ልብስ አጥባ ሁለት ሳንቲም ያስቀመጠች እናት፣ ራሷን መቻሏ መልሶ ሲቆጠርባት ምን ይባላል?

አንድ ሌላ አንቀጽ ልጨምር። ባሏም ልጇም በጦርነቱ የሞቱባት ሴት ሁለት ጡረታ አታገኝም። አንዱን ትመርጣለች።

ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ ግን የልጁ ደብዳቤ ነው። ተራ ወታደር በወር 13 ዶላር ነበር የሚከፈለው፤ በ1864 ወደ 16 ከፍ ብሏል። ብዙዎቹ ከዚያው ላይ ወደ ቤት ይልካሉ። ደብዳቤው ስለ ዝናብ ያወራል፣ ስለ ብስኩት ድርቀት ያወራል፣ ካልሲ ላኪልኝ ይላል፣ የእህቱን ትምህርት ይጠይቃል። መሐል ላይ፣ አንድ መስመር፣ ይህን ያህል ዶላር ልኬልሻለሁ። ቢሮው የሚፈልገው ያችን መስመር ነው። እናት ግን መስመሯን ቆርጣ መላክ አትችልም። ደብዳቤውን ከነሙሉው ትሰጣለች። የልጇ እጅ ያረፈበት፣ ምናልባት የቀራት የመጨረሻ ነገር። ፎቶ ኮፒ የለም።

[ምስል፦ የጥቁር ወታደሮች ክፍለ ጦር፣ የዘመኑ ፎቶግራፍ።]

የሚልኩት ደሞዝ ላልነበራቸውስ? 54ኛው የማሳቹሴትስ ክፍለ ጦር የጥቁር ወታደሮች ነው። ስትመዘገቡ እንደ ነጩ 13 ዶላር ታገኛላችሁ ተብለው ነበር። ሲደርስ 10 ዶላር፣ ከዚያም ላይ ለልብስ 3 ዶላር ተቀናሽ። «እኩል ካልሆነ አንነካውም» አሉ። ክፍለ ሀገሩ ልዩነቱን ልሙላላችሁ ቢልም አልተቀበሉም። 18 ወር ያለ ደሞዝ ተዋጉ። ጁላይ 18 ቀን 1863 ፎርት ዋግነር ላይ የወደቁት አንድም የወር ደሞዝ ሳይቀበሉ ነው የሞቱት። ከጦር ሜዳ የተላከ ገንዘብ አሳዪ የተባለች እናት ምን ታሳይ? ያላት ልጇ ከመዝመቱ በፊት ያደርግላት የነበረውን የሚመሰክር ሰው ብቻ ነው።

በባርነት የኖሩት ደግሞ ይብሳል። ጋብቻቸው ሕግ ፊት ጋብቻ አልነበረም። ልደት የሚመዘግብላቸው የለም። ማንበብና መጻፍ በብዙ ቦታ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ምስክሯ ያዋለደቻት ሴት ናት፤ አብራት ጥጥ የለቀመች ጎረቤት ናት። አንዳንዴ ደግሞ የቀድሞው ጌታዋ ነው። ልጇን እንደ ንብረት በመዝገቡ የጻፈው ሰው፣ ልጅነቱን እንዲመሰክርላት ትለምነዋለች። ስሟ ሥር የምትፈርመው በመስቀል ምልክት ነው፤ ሁለት ሰው አይቶ ይፈርምላታል።

[ምስል፦ ትልቅ የቀይ ጡብ ሕንፃ።]

ይህ ሁሉ ወረቀት የሚሄደው ዋሽንግተን ነው። ፋይሉ ስለበዛ በ1887 የተጠናቀቀ አንድ ግዙፍ ሕንፃ ተሠራለት። ዙሪያውን 365 ሜትር ገደማ በሚረዝም ቅርጽ የሚሰለፉ ወታደሮች ተቀርጸውበታል። ዛሬ የሕንፃ ሙዚየም ነው።

እናቲቱ ማመልከቻውን የምትሞላው በጉዳይ አስፈጻሚ ነው። ሥራው ደርቶ ነበር። ሕጉ ክፍያቸውን መጀመሪያ በ5፣ በ1864 ደግሞ በ10 ዶላር ገደበ። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ። አንድ ወረቀት ይጎድላል፣ ምስክሩ ይደገም ይባላል፣ ወራት ያልፋሉ። ከተፈቀደላት ክፍያው መጀመሪያ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ነበር፤ ማርች 4 እና ሴፕቴምበር 4። አንዴ 48 ዶላር።

ሕጉ እየቆየ ላላ። በ1873 እናቲቱ በእጇ ከምትሠራውና ልጇ ከሚሰጣት ሌላ በቂ መተዳደሪያ ካልነበራት፣ ልጁም በሆነ መንገድ የመርዳት ግዴታውን አውቆ ከነበረ፣ እንደ ተረጂ ትቆጠር ተባለ። ግዴታውን አውቆ ከነበረ የምትለዋን ልብ በሉ። የገንዘቡ መጠን ቀርቶ የልጁ ሐሳብ ተጠየቀ። በ1886 ክፍያው 12 ዶላር ገባ። ትልቁ ለውጥ ግን በጁን 27 ቀን 1890 የመጣው ነው። እስከዚያ ድረስ የሚጠየቀው ልጁ የሞተ ቀን ተረጂ ነበርሽ ወይ የሚለው ነበር። በ1863 ባሏ ጤነኛ፣ እርሻዋ ደህና የነበረች ሴት አትሆንም ትባል ነበር። ከ27 ዓመት በኋላ ባሏ ሞቷል፣ እርሻው ተሽጧል፣ እሷም አርጅታለች። አዲሱ ሕግ «ያኔውን ተይው፣ አሁን በምን ትኖሪያለሽ?» አለ።

መጦር ማለት እኮ ይህ ነው። ልጅ እናቱን የሚጦረው በ40 ዓመቷ አይደለም። የ19 ዓመት ልጅ ገና መች ደረሰበትና! የመጀመሪያው ሕግ ያልደረሰበትን ጊዜ ሒሳብ ነበር አምጪ የሚላት።

[ምስል፦ የመዝገብ ቤት መደርደሪያ። ካሜራው ቀስ ብሎ ይጠጋል።]

ፋይሎቹ ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ ቤት ናቸው። ብዙዎቹ መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ ወረቀት አለች። ከጡረታ ዝርዝር የወጣችበት ምክንያት፦ ሞት። ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈላት ቀን። የወሩ ልክ፣ 12 ዶላር። ከእሷ ኋላ ምስክሮቹ ተደርድረዋል፤ ባለሱቁ፣ ሐኪሙ፣ ጎረቤቷ። ከእነሱ ኋላ ደብዳቤዎቹ አሉ። ካልሲ ላኪልኝ የሚለውም እዚያው ነው።