ፎቶው ጠበበ እንጂ አልቀለለም

ጤና ይስጥልኝ፤ ዛሬም ከጅማ ነው የምናገረው። ርእሳችን ድረ ገጽ ላይ የምንሰቅለው ፎቶ ነው፤ ፎቶ ስል ውበቱን ሳይሆን ክብደቱን ማለቴ ነው።

እዚህ አካባቢ ያደገ ሰው ጀንፈልን ያውቀዋል። እሸቱ ቡና አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ ጀንፈል ይሆናል፤ ጀንፈሉም ወደ መቀሸሪያው ገብቶ ፍሬው ከገለፈቱ ይለያል። አንድ ነጋዴ ሳያስቀሽር በአይሱዙ ጭኖ አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢወስደው፣ ከጭነቱ ግማሽ ያህሉ ገለፈት ስለሆነ ለገለፈትም ኪራይ ከፈለ ማለት ነው። ከስልክ ካሜራ የወጣውን፣ ስፋቱ 4000 ፒክስል (ፎቶ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) የሆነ ፎቶ እንዳለ ገጹ ላይ መስቀል ጀንፈል መጫን ነው፤ እንዲያውም ይብሳል፤ ምክንያቱም በመንገዱ ኪራዩን የሚከፍለው ነጋዴው ሲሆን፣ በድረ ገጽ ግን ደንበኛው ነው፤ ከገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ላይ ይቆረጥበታል።

እዚህ ላይ ብዙ ተመልካቾቼ ደጋግመው የሚጽፉልኝን ላንሳ፦ «በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) ስፋቱን 100 ፐርሰንት ስላልኩት ስልክ ላይ ትንሽ ሆኗል» ይሉኛል። አልሆነም! ሲኤስኤስ ለብሮውዘሩ (ገጹን ለሚከፍተው መተግበሪያ) የሚነግረው ፎቶው በምን ስፋት እንደሚታይ ብቻ ነው፤ ፋይሉ ግን ሙሉ ክብደቱን ይዞ ተጉዟል። 4000 በ3000 የሆነ ፎቶ 12 ሚሊዮን ፒክስል አለው፤ ለእያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ሲያዝ፣ በአውራ ጣት ስፋት ቢታይም እንኳ ከስልኩ ሜሞሪ እስከ 48 ሜጋባይት ሊወስድ ይችላል። 800 በ600 አድርገን ብናዘጋጀው ግን ፒክስሉ ወደ 480,000፣ ማለትም ወደ 25ኛ እጁ ይወርዳል። ስለዚህ ፎቶው ጠበበ እንጂ አልቀለለም።

ለአንድ ቡና አቅራቢ የሠራሁትን ገጽ መናኸሪያ ቆሜ በርካሽ ስልክ የከፈትኩበት ቀን ከዓይኔ አይጠፋም። ስልክ ቁጥሩን ልነካ ጣቴን ሳወርድ፣ ዘግይቶ የደረሰው ፎቶ ጽሑፉን ሁሉ ወደ ታች ገፋውና ሌላ ሊንክ ነካሁ። የፎቶውን ስፋትና ቁመት ኤችቲኤምኤሉ (የገጹ መዋቅር የሚጻፍበት ኮድ) ውስጥ ብጽፍ ኖሮ ብሮውዘሩ ቦታውን አስቀድሞ ይይዝለት ነበር።

ፎቶን የማቅለያውን አሠራር በአጭሩ ልንገራችሁ። ፎቶውን በ400፣ በ800 እና በ1600 ፒክስል ስፋት አዘጋጅታችሁ በኤስአርሲሴት (srcset፣ የፎቶውን የተለያዩ መጠኖች በሚዘረዝረው የኤችቲኤምኤል ትእዛዝ) ዘርዝሩ፤ ፎቶው በገጹ ላይ በምን ስፋት እንደሚታይ የሚናገረውን ሳይዝስን (sizes) ጨምሩና ምርጫውን ለብሮውዘሩ ተዉለት። የተለመደውን የፎቶ ፋይል ዓይነት፣ ጄፔጉን፣ ቀለል ወዳለው ዓይነት ወደ ዌብፒ ቀይሩት። ከታች ላሉት ፎቶዎች የሌዚ አጫጫን (አንባቢው ወደ እነሱ ሲቃረብ ብቻ የሚወርዱበትን ስልት) ስጧቸው፤ ከላይ መጀመሪያ ለሚታየው ግን በፍጹም አትስጡ፤ ያዘገየዋል።

በእኔ እምነት ማንኛውም ገጽ ለደንበኛ ከመሰጠቱ በፊት በርካሽ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ መከፈት አለበት። ቻናሉን ሰብስክራይብ አድርጉ፤ በሚቀጥለው ቪዲዮ የግዕዝ ፊደል ፎንቶችን ክብደት እንመዝናለን።