11.5 ሴንቲ ሜትር

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከጅማ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እየወረደ ስለሆነ ድምፁ ከገባ ታገሡኝ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንዲት የፕላስቲክ ሪባን ነው። በየጤና ኬላው ተጠቅልላ የምትቀመጠው፣ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ያላት፣ የሕፃን ክንድ የሚለካባት። ባለሙያዎቹ "ሙአክ" ይሏታል። መንግሥት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው የምግብ ሕክምና በሩ እሷ ናት። ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ቀይ ነው፣ ይገባል። ሁለቱም እግሮቹ አብጠው በጣት ሲጫኑ ጎድጎድ ብለው የሚቀሩ ከሆነም ሪባኑ ምንም ይበል፣ ይገባል። ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ። ከዚያ በላይ አረንጓዴ፣ ደህና ነው ተብሎ ይሸኛል።

አለካኩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የሚሊ ሜትር ጉዳይ ነው። የግራ ክንድ ነው። እጅጌው ይወልቃል እንጂ አይሰበሰብም። ከትከሻው ጫፍ እስከ ክርኑ ጫፍ ተለክቶ እኩሌታው ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ክንዱ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሪባኑ እዚያ ይዞራል። ሰልፍ ሲበዛ መሃሉ በዓይን ይገመታል፣ ስህተቱም ከዚያ ይጀምራል። ሪባኑ ቆዳ እስኪጨማደድ ከተሳበ አረንጓዴው ልጅ ቢጫ ይሆናል፤ ከላላ ደግሞ ሕክምና የሚገባው ቀይ ልጅ ቢጫ ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሁለተኛው ነው የሚያሳስበኝ።

ቀይ የሆነ ልጅ የሚያገኘው ሕክምና በበኩሌ በሚገባ የታሰበበት ነው። መጀመሪያ ፕላምፒናት፣ ማለትም ከኦቾሎኒ የተሠራው የታሸገ ሕክምና ምግብ፣ ተሰጥቶት ይታያል። ከበላ፣ ትኩሳትና ማስመለስ የመሳሰለም ከሌለው፣ በተመላላሽ ይታከማል። እንቢ ካለ ወይም ሌላ ሕመም ካለበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይተኛል። አንዱ ፓኬት 92 ግራም ነው፣ 500 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በቀን 3 ያህል፣ በሳምንት 21 ይደርሰዋል። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡት ይቀድማል፣ ከዚያ ፓኬቱ፣ ከዚያ የቤት ምግብ። ንጹሕ ውኃም አብሮ ይሰጣል፣ ፕላምፒናት ያስጠማል።

ክብደቱ ሳይጨምር ሁለት ሦስት ሳምንት ካለፈ ብዙውን ጊዜ ፓኬቱ ለወንድም ለእህት ተከፋፍሏል። ጣፋጭ ነው፣ ኦቾሎኒ ነው። ሦስት ልጅ እያያት አንዱን ብቻ የምታጎርስ እናት አንጀቷ እንዴት ይችላል? እሷን መቆጣት ምንም አያመጣም። "ቤት ውስጥ ሌላ ማን ይበላል?" ብሎ መጠየቅ፣ ለሌሎቹም ምን እንደሚሰጥ አብሮ መምከር ይሻላል።

ቢጫው ልጅስ? እዚህ ነው ነገሩ የሚጎረብጠኝ። ፋፋውና ሌላው ተጨማሪ ምግብ ቅድሚያ የሚሄደው ድርቅ ወዳጠቃቸው፣ ሆትስፖት ወደሚባሉት ወረዳዎች ነው። ባለው አቅም ፍትሐዊ ነው፣ አልከራከርም። ቡናና በቆሎ፣ እንሰትና አቮካዶ ባለበት አገር ያለ ቢጫ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ምክር ነው። በ11.4 እና በ11.6 መካከል ያለው ልዩነት 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንዱ በሳምንት 21 ፓኬት፣ ሌላው ምክር።

ከዚህም የሚብስ አለ። አረንጓዴ ሆኖ የቀነጨረው ልጅ። ክንዱ ሙሉ ነው፣ ጉንጩ ሙሉ ነው፣ ቁመቱ ግን ከዕድሜው ወደ ኋላ ቀርቷል። ሪባኗ ይህን አታይም። በፈረንጆቹ 2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት 38 በመቶው ቀንጭረው ነበር፤ ክብደታቸው ለቁመታቸው የሳሳው ደግሞ 10 በመቶ ነበሩ። መንግሥት በፈረንጆቹ 2015 በሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት መቀንጨርን በእነሱው አቆጣጠር እስከ 2030 አስቀራለሁ ብሏል። ቁመት ለመለካት ግን የልጅ መለኪያ ሰሌዳ ያስፈልጋል፣ ከ2 ዓመት በታች ያለው ተኝቶ ነው የሚለካው፣ አንዱ ራሱን ሌላው እግሩን ይይዛል። ጤና ኬላ ላይ በየወሩ የሚመዘነው ክብደት ነው።

ስለዚህ ለመቀንጨር የቀረው ምክሩ ነው፤ ምክሩም ልክ ከሌለው ከንቱ ነው። "ተመጣጣኝ ምግብ ስጪው" ማለት ምንም ማለት አይደለም። ጡት ብቻ እስከ 6 ወር። ከዚያ ገንፎ፣ ማንኪያው ሲዘቀዘቅ የማይፈስ ወፍራም ገንፎ። ቀጭን አጥሚት ሆዱን ይሞላል፣ ልጁን ግን አያሳድግም። ለምጥን ዱቄቱ 3 እጅ እህል፣ 1 እጅ ጥራጥሬ። ሲጀመር 2 ወይም 3 ማንኪያ፣ እየተጨመረ እስከ 8 ወር 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ግማሽ ያህል፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ። ከ9 ወር ጀምሮ 3 ወይም 4 ጊዜ፣ መክሰስም አለ። የተፈጨ አቮካዶ ይጨመርበት፣ እንቁላል ከተገኘ እንቁላል። ዶሮ ባለበት ቤት እንቁላሉ ገበያ የሚወጣ ከሆነ ከሚሸጠው ላይ በሳምንት 3ቱን ለልጁ ማስቀረት ይቻላል ወይ ብሎ መጠየቅ ከረጅም ንግግር ይበልጣል።

እናቲቱስ? ክንዷ ከ23 ሴንቲ ሜትር ካነሰ እሷም ተጎድታለች። እርጉዝ ስትሆን አንድ ማዕድ፣ ስታጠባ ሁለት ማዕድ ትጨምራለች። የብረትና ፎሌት ክኒንም ይሰጣታል። ጅማ ላይ የክኒኑ ጠላት ቡና ነው፤ ቡናም ሻይም ብረቱን አስረው ሰውነት የሚወስደውን ይቀንሳሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ክኒኑ መሃል ላይ ከተዋጠ ጥቅሙ ይቀንሳል። ማታ ከእራት በኋላ ትዋጠው፣ ከቡናው 2 ሰዓት ያህል አርቃ። ማቅለሽለሹም በእንቅልፍ ያልፋል፤ ብዙዎች የሚያቋርጡት በእሱ ነው።

ጡት ብቻ 6 ወር ይባላል፣ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ግን ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 ቀን ነው፣ ከወሊድ በፊት ካለው 30 ቀን ሌላ። ሒሳቡ አይገጥምም። ቡና ለቃሚዋ ደግሞ 90ውም የላትም። ለቀማ ሲደርስ ሕፃኑ ከታላቅ እህቱ ጋር ይቀራል፣ የፕላምፒናት ቀጠሮም የሚዘለለው ያኔ ነው። ጤና ኬላው በእጁ ካለው፣ ቤቷ ሩቅ ለሆነ እናት የ2 ሳምንቱን በአንዴ፣ ለዚያ ለ8 ኪሎው ልጅ 42 ፓኬት፣ እንዲሰጣት መጠየቅ ትችላለች። ቀጠሮውንም ገበያ በምትወጣበት ቀን ያድርጉላት።

በሉ፣ ደህና ሰንብቱ።