ብሳናው ላይ ያለው ግራጫ ንጣፍ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ።

ከሰበታ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ስትወጡ የብሳናዎቹን ግንድ ተመልከቱ። ኖራ የተረጨባቸው ይመስላሉ። «ዛፉ ታሟል» የሚል ሰው አይጠፋም። አልታመመም። ንጣፉ ላይክን ነው፤ ፈንገስና አልጌ አንድ ላይ የሚኖሩበት። አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል፣ ፈንገሱ መጠለያ ይሆነዋል። ከዛፉ የሚፈልጉት መቀመጫ ብቻ ነው። ባሕር ዛፍ ላይ ግን ብትፈልጉት ትደክማላችሁ፦ ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን እየላጠ ይጥላል፣ ይህ ንጣፍ ደግሞ በዓመት የሚያድገው በሚሊሜትር የሚለካ ነው።

ስሙን ለማወቅ ሰው ሁሉ ፎቶ አንስቶ ስልኩን ይጠይቃል። እኔ በዚህ አላምንም። ግራጫነት ምንም አይናገርም፤ ግራጫው ብዙ ነው። ቁም ነገሩ ያለው የፈንገሱ ፍሬዎች ላይ ነው። ማጉያ መነጽር ይዛችሁ ተጠጉ። ጠርዛቸው የንጣፉን ቀለም የያዘ ክብ ሳህኖች ካያችሁ ሌካኖራ የሚባለውን የላይክን ወገን ጠርጥሩ። እኔ ያየሁት ግን ሳህን አልነበረውም፤ አጫጭር ጥቁር መስመሮች ነበሩት፣ አንዳንዶቹ ጫፋቸው ላይ ለሁለት የተከፈሉ፣ መሐላቸው ስንጥቅ ያለበት። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ከሥር ብርቱካንማ ወጣ። አልጌው ትሬንቴፖሊያ የሚባለው ብርቱካንማ ዓይነት ነው ማለት ነው፤ የሌካኖራ ቢሆን አረንጓዴ ይሆን ነበር።

ቀጥሎ በረኪና፣ አንዲት ጠብታ። አንዳንዱ ላይክን በውስጡ ባለው አሲድ ምክንያት ወዲያው ይቀላል። የእኔው አልተለወጠም፤ አለመለወጡም መልስ ነው። ይህን በኬሚካል የመለየት ዘዴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1866 ያስተዋወቀው ፊንላንዳዊው ዊልያም ኒላንደር ነው። የሚያስቀኝ ነገር አለ፦ በዓመቱ ስዊዘርላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሞን ሽቬንደነር ላይክን የፈንገስና የአልጌ ጥምረት መሆኑን ሲናገር፣ ኒላንደር እስኪሞት ድረስ አልተቀበለውም። ጠብታውን የሰጠን ሰው የሚያንጠባጥብበትን ነገር ምንነት ሲክድ ኖረ!

እንግዲህ መስመሮቹ ግራፊስ ወደሚባለው የላይክን ወገን ይወስዱኛል። ግን ፌዮግራፊስ የሚባል ዘመድ አለው፤ በዓይን ሲያዩት ይመሳሰላል፣ ስፖሩ፣ ማለትም ፈንገሱ የሚራባበት ደቃቅ ዘር፣ ግን ቡናማ ነው፤ የግራፊስ ስፖር ቀለም አልባ ነው። ያንን የሚለየው ማይክሮስኮፕ ነው። ስለዚህ ከወደቀ ቅርንጫፍ ላይ ትንሽ ቅርፊት አንስቼ በወረቀት ፖስታ አስገባሁ፤ በፕላስቲክ ከሆነ ይሻግታል። ላዩ ላይ የዛፉን ስምና ቦታውን ጻፍሁ፣ ከጎኑም «ግራፊስ» ብዬ የጥያቄ ምልክት አደረግሁበት።