አንድ መርፌ ለአንድ ፊት፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን መክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የግራሞፎንና የሸክላ ሰብሳቢዎች ማኅበራችን አባላት፣ እንዲሁም «እነዚህ ሰዎች በአሮጌ ሣጥን ምን ያደርጋሉ?» እያላችሁ ባሎቻችሁንና ሚስቶቻችሁን ተከትላችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዋሽንግተን መሰብሰባችን ደስ ይለኛል። ጠፍጣፋውን ሸክላ ያመጣልን ኤሚል በርሊነር የኖረው እዚሁ ነው። የግራሞፎን ፓተንቱን ያገኘው በ1887 ሲሆን (ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)፣ የተቀበረውም ሮክ ክሪክ መካነ መቃብር ነው። እኛም ሩቅ አልነበርንም። በ1898 ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ድምፅዋን በሲሊንደር (ከጠፍጣፋው ሸክላ በፊት ድምፅ በሚቀዳበት የሰም በርሜል) ቀድታ ልካለች፤ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ አዝዛ። እነሱም በድምፅ መለሱላት። ያ የጠፋ ሲሊንደር ትዝ ባለኝ ቁጥር እንደ ሰብሳቢ ሆዴ ይባባል።

ዛሬ ግን የመጣሁት ስለ መርፌ ልቆጣችሁ ነው።

ዘንድሮ አንድ አባላችን ቤት ሄድኩ፤ ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። ኦርቶፎኒክ ቪክትሮላ የሚባለውን የቪክተር ኩባንያ ግራሞፎኑን ወልውሎ መስታወት አስመስሎታል። ሞላውን አጠንጥኖ ሸክላውን አስቀመጠ፤ ድምፁ ሽንብራ የሚቆላበት ምጣድ ሆነብኝ። መርፌውን አውጥቼ በአጉሊ መነጽር ሳየው ጫፉ እንደ መጥረቢያ ስል ወጥቶለታል። «መቼ ቀየርከው?» ብለው፣ «ለፋሲካ» አለኝ።

ወገኖቼ፣ ሸክላው ውስጥ የድንጋይ ዱቄት አለ። የብረት መርፌው መዞር እንደጀመረ ይሞረድና የመስመሩን ቅርጽ ይይዛል። አንዱ ፊት በሦስት ደቂቃ ገደማ ሲያልቅ ጎንና ጎኑ ተስሏል። ያንኑ ሌላ ሸክላ ላይ ስትደግሙት መስመሩን ያርሰዋል። ጥቁሩ ሸክላ ወደ ግራጫ ሲያደላ የምታዩት እሱን ነው፤ በጨርቅ አይለቅም። ለሸክላ ብዙ ብር አውጥቶ በመርፌ መቆጠብ ምን ይሉታል?

በኤሌክትሪክ በተቀዱት ላይ ጉዳቱ ይብሳል። ከ1925 በፊት ዘፋኙ መለከት ውስጥ ይጮሃል፤ መጀመሪያ የሚቀዳበትን ሰም የሚቀርጸው የድምፁ ጉልበት ብቻ ነው። በ1925 መሐንዲሶቹ ማክስፊልድና ሃሪሰን የሠሩት የዌስተርን ኤሌክትሪክ ዘዴ በማይክሮፎንና በማጉያ መጣ፤ ሸክላ አሳታሚዎቹ ቪክተርና ኮሎምቢያ ወሰዱት። ወፍራሙም ቀጭኑም ድምፅ ሸክላው ላይ ገባ። መጀመሪያ የሚታረሰው ታዲያ ያ ቀጭኑ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስቀኝ፣ ለዚህ ሁሉ ኤሌክትሪክ ተብሎ በዚያው ዓመት ኅዳር የወጣው ኦርቶፎኒክ ራሱ በሞላ የሚሠራ መሆኑ ነው። መለከቱን ሣጥኑ ውስጥ አጣጥፈው ነው ያን ድምፅ ያወጡት።

ስትገዙ በኤሌክትሪክ የተቀዳ መሆኑን ለማወቅ ሸክላውን ወደ ብርሃን አዘንብሉና መሃሉ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ እዩ። ቪክተር ከሆነ በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ «ቪ» እና «ኢ» የሚባሉት የላቲን ፊደላት ተቀርጸው ታገኛላችሁ። የኮሎምቢያው ምልክት በክብ ውስጥ ያለ «ደብልዩ» ነው።

ስቆጣ የራሴንም ልናዘዝ። አንዱን የኮሎምቢያ ሸክላ ቅባት ነክቶት አገኘሁና ከፋርማሲ አልኮል ገዝቼ በጥጥ አሸሁት። ጥጡ ጠቆረ። «አቤት ቆሻሻ!» እያልኩ ጥጥ ቀየርኩ፣ ሁለተኛውም ጠቆረ፣ ሦስተኛውም። ለካ የሚወጣው ሸክላው ራሱ ነው፤ ሸክላው የተሠራበት ሼላክ የሚባለው ሙጫ በአልኮል ይሟሟል። ባለቤቴ አሁን የቡና ማቅረቢያ ሥር አድርጋዋለች። እናንተ ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። ወረቀቱን አታርጥቡ።

የሒሳብ ሪፖርቱን ገንዘብ ያዣችን ከቡና በኋላ ያቀርባሉ። እስከዚያ ኦርቶፎኒኩ ጥግ ላይ ይጫወታል፤ አጠገቡ አዲስ መርፌ በቆርቆሮ ሣጥን፣ ያገለገለው የሚጣልበት ደግሞ የቲማቲም ጣሳ አለ። ከጣሳው ማንም እንዳያወጣ። ጉባኤው ተከፍቷል።