ማታ ያጠናችሁት ጠዋት የት ሄደ?
በትምህርት ቤት የሳይንስ ቀን ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

ውድ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ወላጆች፣ እንደምን አደራችሁ!

ፈተና ሲደርስ ሌሊቱን ሙሉ ስትሸመድዱ የምታድሩ ብዙ ናችሁ። ጠዋት ወረቀቱ ሲሰጣችሁ ባዶ ይሆንባችኋል። ከዚያ «ቲቸር፣ ማታ እኮ አውቀው ነበር!» ትሉኛላችሁ። እውነታችሁን ነው፣ ታውቁት ነበር። ታዲያ የት ሄደ?

አንጎላችን ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሉ። «ፎቶሲንተሲስ» የሚለውን ትምህርት ለብቻው ይዞ የተቀመጠ ሴል ግን ብትፈልጉ አታገኙም። ትዝታ የሚኖረው በሴሎቹ መገናኛ ላይ ነው። ሲናፕስ እንለዋለን። አንድ ነገር ስትማሩ የተወሰኑ ሴሎች አብረው ይነቃሉ። አብረው ሲነቁ ደግሞ ግንኙነታቸው ይጠነክራል። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዶናልድ ሄብ እ.ኤ.አ. በ1949 ይህን ሲጽፍ ገና ግምት ነበር።

ግምቱን በዓይን እንድናየው ካደረጉት አንዱ የአንጎል ተመራማሪው ኤሪክ ካንዴል ነው። ይህን ሰው በጣም ነው የምወደው። ትዝታን ለማጥናት የመረጠው የባህር ቀንድ አውጣ ነው! አፕሊዥያ ትባላለች። ያሏት የነርቭ ሴሎች 20,000 ገደማ ብቻ ናቸው። አንዳንዶቹ ከትልቅነታቸው የተነሳ ያለ ማይክሮስኮፕ ይታያሉ።

ይህች ፍጥረት ስትነካ መተንፈሻዋን ትሰበስባለች። ጅራቷን አንዴ ኤሌክትሪክ ካስነዘሯት በኋላ ደግሞ ትንሽ ሲነኳት እንኳ ትደነግጣለች። ድንጋጤው ግን ከደቂቃዎች በኋላ ይለቃታል። እረፍት እየሰጡ ደጋግመው ሲያስነዝሯት ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት አትረሳውም።

ውስጧ ምን ተፈጠረ? አንዴ ስትነዘር፣ የነበረው መገናኛ ለጊዜው በረታ፤ በቃ። ሲደጋገምባት ግን መልእክቱ ሴሉ ውስጥ ዘልቆ ጂኖች ድረስ ደረሰ። አዲስ ፕሮቲን ተሠራ፣ አዳዲስ መገናኛዎች በቀሉ። ተቆጥረዋል እኮ! በአንድ የስሜት ሴል ላይ 1,300 ገደማ የነበሩት ወደ 2,700 ደረሱ። ካንዴል እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ።

ልብ በሉልኝ፤ ይህ ግንባታ ነው። ግንባታ ጊዜና እረፍት ይፈልጋል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያጠናችሁት የሚቆየው፣ በአንድ ሌሊት የታጨቀው የሚተነው ለዚህ ነው።

የእኛ አንጎል እርግጥ ከቀንድ አውጣዋ እጅግ ይሰፋል። አንድ ትዝታ የብዙ ሴሎች መረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተመራማሪው የሱሱሙ ቶኔጋዋ ቡድን አሜሪካ ውስጥ አይጥን አንድ ሳጥን ውስጥ በንዝረት አስፈራ። በዚያ ሰዓት የነቁትን የሂፖካምፐስ (ለትዝታ ዋና የሆነው የአንጎል ክፍል) ሴሎች ምልክት አደረገባቸው። በኋላ አይጧን ምንም ክፉ ነገር ወዳላየችበት ሌላ ሳጥን አዛወራት። እነዚያኑ ሴሎች በብርሃን ሲቀሰቅሳቸው አይጧ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ፍርሃቱ ተመልሶ መጣባት! ይህን መጀመሪያ ሳነብ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። «ከረሳሁት ሁሉም ጠፋ ማለት ነው?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ቀንድ አውጣዋ ከረሳች በኋላም መገናኛዎቹ ተቆጥረዋል። ቀንሰዋል። ግን 1,300 ላይ አልተመለሱም። 1,500 ገደማ ሆነው ነው የተገኙት። የረሳነውን እንደገና ስናጠና የሚቀለን ምናልባት በእነዚያ በቀሩት ነው።

አመሰግናለሁ።