ካራማራን ሳላያት

ክቡራትና ክቡራን፣ ልጆቼም፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የካቲት 26 በመጣ ቁጥር እዚህ ትግላችን ሐውልት ሥር እንሰበሰባለን። በ1970 በሶማሊያ ጦርነት የካራማራ ተራራ እንዴት ተያዘች፣ ጅጅጋ እንዴት ነፃ ወጣች ሲባል እንሰማለን። እኔንም ወጣቶች ይጠይቁኛል፤ «አባባ፣ ካራማራ ላይ ምን አዩ?» ይሉኛል። እውነቱን ልንገራችሁ? ምንም አላየሁም።

ታንክ ውስጥ አራት ሰው ነን። አዛዥ፣ ተኳሽ፣ ሹፌር፣ አራተኛው እኔ ነኝ፤ አጉራሽ። ሥራዬ መድፉን ማጉረስ ነው። ጉርሻው ግን 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አጉርሰኸው እጅህን ሳትሰበስብ ይተኩሳል፣ ቀለሁን ይተፋል፣ ሌላ ይጠይቃል። ቀለሁ የጋለ ነው። ቁርጭምጭሚቴ ላይ ያለውን ጠባሳ ያተረፈልኝ ጠላት እንዳይመስላችሁ፤ የራሳችን ቀለህ ነው።

ለእኔም አንዲት የማያ መስታወት ነበረችኝ። ማን ጊዜ አግኝቶ ይይባት! ጦርነቱን በጆሮዬ ነው የማውቀው። የሩሲያ የታንከኛ ቆብ ማይክሮፎኑ ጉሮሮ ላይ ነው የሚታሰረው፤ ሰው ሲናገር ብቻ ሳይሆን ሲውጥም ትሰማለህ። አዛዣችን ምራቁን ደጋግሞ ሲውጥ ነገር እንዳለ እናውቅ ነበር።

መጀመሪያ የሠለጠንኩት በአሜሪካኑ ኤም-41 ነው። ቤንዚን ስለሚጠጣ ከጥይቱ ይልቅ እሳቱን እንፈራ ነበር። ከዚያ የሶቪየቱ ቲ-55 መጣ። ናፍጣ ነው፣ ተመስገን። ግን የተጻፈበት ሁሉ ሩሲያኛ! አዛዣችን በየማብሪያው ላይ ፕላስተር እየለጠፈ በአማርኛ ጻፈበት። አንዱ ላይ «ይቺን እንዳትነካ» ይላል። ምን እንደምትሠራ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያን ጊዜ ከፊት ለፊት በካራማራ በር ብቻ መግባት ራስን ማስጨረስ ነበር። ስለዚህ ሊረዱን ከመጡት ኩባዎች ጋር ሆኖ በሰሜን በኩል የዞረ ጦር ነበር። ሄሊኮፕተሮች ቀላል ብረት ለበሶችን ተሸክመው ተራራውን አሻግረዋል። የእኛ ታንክም ከዞሩት ነበረች። ያ መንገድ ለእኔ አቧራና የሞተር ጩኸት ነው፤ ሌላ ትዝ የሚለኝ የለም።

ሲያበቃ ከፍቼ ወጣሁ። አጠገባችን አንድ የሶማሊያ ታንክ ተቃጥሎ ቆሟል። እሱም ቲ-55 ነው። እነሱንም ቀድመው ያስታጠቁት ሶቪየቶች ናቸው። ወጥቼ ወደ ውስጥ አየሁ። ዓይኔ የሄደው ወደ አጉራሹ ቦታ ነበር፤ የእኔ ቦታ ነው፣ ልክ የእኔ። ያየሁትን እዚህ አልናገርም። ከዚያ በኋላ ግን ሰው «ደመሰስናቸው» ሲል አብሬ ማጨብጨብ ይከብደኛል። ድሉን አልጠላሁም፤ አገሬ ተወርራ ነው የሄድኩት፣ ዛሬም ቢሆን እሄዳለሁ።

ካራማራን ያየኋት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚኒባስ ስሄድ። በሩ ላይ ስንደርስ «አንዴ አቁምልኝ» አልኩት ሾፌሩን። ወርጄ ቆምኩ። ተራራው ይህን ያህል ቅርብ፣ ይህን ያህል ጸጥ ያለ አልመሰለኝም ነበር። ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ «ፋዘር፣ ሽንት ነው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።