ምን ያህል እንደምናይ እንናገር፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ፣ ማየት የሚቸግረን የማኅበራችን አባላት፣ ከአዘዞም ከማራኪም ከአራዳም የመጣችሁ ወላጆች፣ መምህራንና የዓይን ሕክምና ባለሙያዎች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

በእኛ በጎንደር ሰላምታ የነፈገ ሰው እንደ ትዕቢተኛ ይቆጠራል። ስለዚህም በፒያሳ መንገድ የአባቱን ወዳጅ ሳይለይ ያለፈ ወጣት «አይቶ ዘጋኝ» ተብሎ ክሱ ቤት ድረስ ይከተለዋል፤ ያው ወጣት በማግስቱ ነጭ በትር ይዞ ቢወጣ ደግሞ «ስልኩን እያየ ዓይነ ስውር ነኝ ይላል» የሚል አይጠፋም። በከፊል የሚያይ ሰው የሚኖረው በእነዚህ ሁለት ክሶች መካከል ነው። ቁጥራችን ግን ጥቂት አይደለም፤ በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ዓይነ ስውርነት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ፣ ከፊል የማየት ችግር ደግሞ 3.7 በመቶ መሆኑን አመልክቷል።

ዕይታችንም አንድ ዓይነት አይደለም። ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ያጠቃው ሰው ፊት ለፊቱን እያየ ግራና ቀኙን ሊያጣ ይችላል፤ የሬቲናው (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ክፍል) መሀል የተጎዳው ደግሞ ኳሷን በዓይኑ ጠርዝ ይለያትና ትኩር ሲልባት ትጠፋዋለች፤ ሌላው ደግሞ ቀን ቀን ሲሮጥ ውሎ ሲመሽ ሰው እጁን ካልያዘው ደጅ አይወጣም። ስለዚህ «ታያለህ ወይስ አታይም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለንም። «ምኑን፣ በየት በኩል፣ በምን ብርሃን ታያለህ?» ብትሉን ግን ሁላችንም እንመልሳለን። ማኅበሩ ዘንድሮ አባላቱን የሚጠይቀው ይህንኑ ሳይሸሽጉ እንዲናገሩ ነው።

የፓራሊምፒክ፣ ማለትም የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ፣ ሩጫ የቆመውም በዚሁ ላይ ነው፤ ሯጮች በዕይታቸው መጠን ይመደባሉ፣ ከሁሉ ያነሰ የሚያዩት በቲ11፣ የተሻለ የሚያዩት በቲ13። በቲ11 ምድብ የሚወዳደረው ዓይኑን ሸፍኖ መንገድ ከሚያሳየው መሪ ሯጭ ጋር ይሮጣል፤ በቲ12 መሪ መያዝ በሯጩ ምርጫ ነው፤ በቲ13 ሯጩ ብቻውን ነው። አትሌት ትግስት ገዛኸኝ እ.ኤ.አ. በ2021 ቶኪዮ ላይ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው በቲ13 1500 ሜትር ሲሆን፣ አትሌት ያየሽ ጌቴ በ2024 ፓሪስ ላይ በዚያው ርቀት በቲ11 አሸንፋለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ ደግሞ አትሌት ታምሩ ደምሴ ሁለተኛ በወጣበት የቲ13 1500 ሜትር ፍጻሜ፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ሯጮች በዚያው ዓመት የኦሊምፒክ ወርቅ ካስገኘው ሰዓት ፈጥነው ገብተዋል። የኦሊምፒኩ ውድድር ዘገምተኛ እንደነበር አልክድም፤ ቢሆንም ሰዓቱ ሰዓት ነው።

በጎልቦል፣ ማየት ለሚቸግራቸው በተዘጋጀው በድምፅ የሚመራ የኳስ ጨዋታ፣ ሁሉም ተጫዋች ዓይኑን ይሸፍናል። «ያለችኝን ጥቂት ዕይታ ለምን ትጋርዱብኛላችሁ?» የሚሉ አባላት አሉ፤ ቅሬታው ይገባኛል። ነገር ግን በዚያ ሜዳ ጥቂት የሚያየው የበላይ አይሆንም፣ ምንም የማያየውም አይታዘንለትም። ኳሱ 1.25 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ በውስጡ ቃጭል ያለበት ነው፤ በ18 በ9 ሜትር ወለል ላይ ሦስት ለሦስት ይጫወታሉ። መስመሩም በእጅ እንዲዳሰስ ከፕላስተሩ ሥር ሲባጎ ይዘረጋል፤ ይህን በማንኛውም ሰፊ የትምህርት ቤት አዳራሽ ማድረግ እንችላለን። ተመልካቹ ጨዋታው ሲካሄድ ጸጥ ማለት አለበት፤ ለፋሲል ከነማ ደጋፊ ከሁሉ የሚከብደው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

በቤት ውስጥም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ጥቁር ቡና በነጭ ሲኒ ሲቀዳ ልኩ ይታያል፣ ውኃ በብርጭቆ ግን አይለይም፤ የደረጃ ጠርዝ ቢጫ ሲቀባም የሚጠቅመን በዚሁ ምክንያት ነው። ከፀሐይ ወደ ፋሲል ግቢ ጨለምለም ያለ ክፍል የሚገባ አባል ዓይኑ እስኪለምድ በሩ ላይ ቢቆም፣ ስታዲየም የሚሄድም ጨዋታውን በሬዲዮ እያዳመጠ ቢከታተል የሚያሳፍር ነገር የለውም። ወላጆች ሆይ፣ ልጁ እንዳይወድቅ ብላችሁ ከጨዋታ አታስቀሩት፤ በየትኛው ብርሃን እንደሚቀናው ጠይቁትና ሜዳ ይውረድ።

ዛሬ ጉባኤው የሚወስነው ሁለት ጉዳይ ነው። አንደኛው ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ ስለ ስፖርትና መዝናኛ ተሳትፎ የሚናገረውን አንቀጽ 30 ጠቅሰን ለጎልቦል አዳራሽ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ማለዳ ከአባላት ጋር የሚሮጡ ፈቃደኞችን መመዝገብ ነው፤ መሪ ሯጭ አይጎትትም፣ ከሚመራው ሰው ቀድሞም የፍጻሜውን መስመር አያልፍም። መዝገቡ ከመግቢያው በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ጽሑፉ በትልልቅ ፊደል ታትሟል። ጉባኤው በይፋ መከፈቱን እየገለጽሁ፣ መድረኩን ለማኅበሩ ጸሐፊ አስረክባለሁ።